የተለማማጇ ዋስ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አሠሪዬ ጋሽ ብሩ ያሉኝ የመጀመሪያ ቃል "ዋስ አለሽ?" ነው። ስለ ሽቦ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ስንት ነገር አጥንቼ ነበር የሄድኩት።

ጊዜው የደርግ ነው። ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ የኤሌክትሪክ ተማሪዎችን ለልምምድ በየድርጅቱ ይበትነን ነበር። ወንዶቹ ፋብሪካ ሲደርሳቸው እኔን ጦር ኃይሎች ሰፈር፣ ጋሽ ብሩ ሱቅ መደቡኝ። የቤት መስመር ይዘረጋሉ፤ የተቃጠለ ሞተርም ይጠቀልላሉ።

"ቤተሰቦቼ ጎጃም ናቸው። እዚህ የማውቀው ሰው የለም" አልኳቸው።

"እና ፒንሳዬንና ካቻቢቴዬን ይዘሽ ብትጠፊ ማንን ልያዝ? ዋስ ከሌለሽ ልምምድ የለም።"

ልምምድ ከሌለ ዲፕሎማ የለም፤ ሻንጣዬን ይዤ ጎጃም መግባቴ ነው። እንባዬ መጣ። ይሄኔ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከጎን ካለችው ሻይ ቤታቸው ብቅ አሉ።

"ዋሷ እኔ ነኝ።"

"አንቺማ ሚስቴ ነሽ!"

"ሚስትህ ብሆንስ? ሰው አይደለሁም?"

ሻይ የሚጠጡት ሾፌሮች በሳቅ ፈነዱ። ጋሽ ብሩ በሰው ፊት ተሸንፈው ካቻቢቴውን አቀበሉኝ።

አስተማሪነታቸው ግን አይታማም። ስለ ባልቦላ፣ ስለ ቆጣሪው ፊውዝ፣ ሁሌ የሚደጋግሟት አንዲት ሕግ ነበረቻቸው። "ሽቦ ከመንካትሽ በፊት ባልቦላውን ከቆጣሪው ነቅለሽ ኪስሽ ክተቺ። እዚያው ከተውሽው አንዱ መጥቶ ይመልሰውና ትቃጠያለሽ።"

አንድ ቀን ሳንሱሲ ሰፈር፣ የአንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ቤት መስመር ስንቀይር ዋልን። ባልቦላውን የነቀሉት ጋሽ ብሩ ራሳቸው ናቸው። ልንጨርስ ስንል የሰፈሩ መብራት በሙሉ ድርግም አለ። ሰዓት እላፊው እየደረሰ ስለነበር ሥራችንን ሳንሞክር ዕቃችንን ሰብስበን ሮጥን።

በማግስቱ ጠዋት ሃምሳ አለቃው ሱቁ በር ላይ ቆመው ይጮኻሉ። "ሰፈሩ ሁሉ በርቶ የኔ ቤት ብቻ ጨለማ! ባልቦላዬን የት አደረሳችሁት?"

ጋሽ ብሩ ወደኔ ዞሩ። "የት ጣልሽው?"

"እርስዎ ነዎት የነቀሉት" አልኩ።

"እኔ? ስንት ዘመን የሠራሁ ሰውዬ ባልቦላ ልጥል? ዋስሽን ጥሪ! እሷ ትተካ፣ አንቺም ወደመጣሽበት!"

አለቀልኝ አልኩ። እትዬ አስካለ እስከ ክንዳቸው የሳሙና አረፋ ይዘው መጡ። ነገሩን ሰሙና ወደ ጓሮ ተመለሱ። ባላቸው ትናንት የለበሱትን ቱታ ከተዘፈዘፈበት አውጥተው እየተንጠባጠበ አመጡት። እጃቸውን ኪሱ ውስጥ ሰደዱና ባልቦላውን ብቅ አደረጉት!

"እኔ ዋስ የሆንኩት ለሷ ነው" አሉ። "ላንተ ማን ዋስ ይሁንህ?"

ሃምሳ አለቃው ሳይቀሩ ሳቁ። ጋሽ ብሩ መሬት መሬት ያያሉ። አንጀቴን በሉት።

"ዋሳቸው እኔ ነኝ" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ባልቦላውን በጨርቅ አድርቀው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

"ሂጂና አብሪላቸው። ብቻሽን።"

ሄጄ አበራሁ። ከሳንሱሲ እስክመለስ በደስታ መሬት አልረገጥኩም።

ኋላ የራሴን ሱቅ ከፍቼ ስንቱን ተለማማጅ ስቀበል ዋስ ጠይቄ አላውቅም። የማስተምራቸው የጋሽ ብሩን ሕግ ነው፤ ጥቂት ጨምሬበታለሁ። ሥራ ስትጀምሩ ባልቦላውን ኪሳችሁ ክተቱ። ዕቃ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የራሳችሁን ኪስ ፈትሹ።