በሁለት እጅ

ፖሊሶቹ የያዙኝ ደቡብ አፍሪካ፣ ቶኮዛ ላይ ነው። የጥገኝነት ወረቀቴ ጊዜው አልፎበት ነበር። አገር ቤት በአስተማሪዎች ተቃውሞ ምክንያት ታስሬ ስለማውቅ የብረት በር ሲዘጋብኝ አልደነገጥኩም። እንደገና ሀ ብሎ መጀመሩ ግን ደከመኝ። ቢመልሱኝ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ። ቀበቶዬንና የጫማ ማሰሪያዬን ተቀብለው ጆሃንስበርግ ካለ ጣቢያ አስገቡኝ። ክፍሉ ሽንትና በረኪና ይሸታል።

ውስጥ ሁለት ያገሬ ሰዎች ነበሩ፤ እንደኔው ሱሪያቸውን በአንድ እጅ የያዙ። አንዱ ቮስሎሩስ ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ያለው ሃድያ ነው። ሌላው ሜይፌር ሰፈር በጅምላ የሚነግዱ የስልጤ አዛውንት ናቸው፤ ሃጂ እንላቸዋለን።

ቀኑ አልገፋ ሲል ባለሱቁ በአማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ ይተርክልናል። ቱርክን ማናችንም አልረገጥናትም፤ ሰዎቹን ግን እናውቃቸዋለን። ከገጠር መጥቶ ኢስታንቡል ፋብሪካ ያቆመ አባት አለ፤ ገንዘቡ ከተሜ ሆኗል፣ እሱ ገና ነው። በአባቱ ገንዘብ እየኖረ በአባቱ አነጋገር የሚያፍር ወንድ ልጅ አለ። ራሷ የመረጠችውን ያገባች ሴት ልጅም አለች። አባትየው በሩን ዘግቶባታል።

"ይሄ ሰውዬ ጨካኝ ነው። ቲቸር፣ እስቲ አንተ ፍረድ" አለኝ ባለሱቁ።

"አባት ነው" አሉ ሃጂ ቀድመውኝ። "ሳትመረቅ ለወጣች ልጅ ምን በር ይከፈታል?"

ነርስ የሆነችው ልጃቸው ያለ ፈቃዳቸው የዙሉ ልጅ ማግባቷን ሜይፌር ውስጥ ያልሰማ የለም። ፊት ለፊት የሚያነሳባቸው ግን አልነበረም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ እኛም የምናማው ቱርኩን ነበር።

"መጨረሻው ምን ሆነ?" አሉ ቆይተው።

"አባትየው ሳይታረቃት ሞተ፣ ሃጂ።"

"ቱርኮች ነገር ያበዛሉ" ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

በማግስቱ ጠዋት ጠባቂው መጣ። ሃጂን ልጅህ ነኝ የምትል ሴት ኮሪደሩ ጫፍ ፍርግርጉ ጋ ቆማለች አላቸው። ተነሱ። ሱሪያቸውን ያዙና መልሰው ተቀመጡ።

"አይሄዱም እንዴ?" አልኳቸው።

"በአንድ እጅ ምን ላደርግ ልጄ? ዱዓ በሁለት እጅ ነው።"

ሊመርቋት ነው። የሸሚዜን ታችኛውን ጠርዝ ዙሪያውን ቀደድኩና በሱሪያቸው የቀበቶ ማለፊያዎች አስገብቼ አሰርኩላቸው። በውሃ ፊታቸውን አበሱ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ ሱሪያቸውን ለቀው ሄዱ።

የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች ቆማለች፤ ፌስታል ይዛለች። ሃጂ ቀና ብለው አዩዋት፣ ከዚያ መዳፎቻቸውን ዘረጉ።

"አላህ ትዳርሽን ያቅናልሽ። ወልደሽ ሳሚ።"

"አሚን" አለች እያለቀሰች። እኛም ከክፍላችን አሚን አልን፤ ጴንጤው ባለሱቅ ድምፁ ከኔ ይበልጥ ነበር።

ሲመለሱ ጠባቂው መታጠቂያውን ፈትቶ ወሰደው። ሃጂ በአንድ እጅ ሱሪያቸውን፣ በአንድ እጅ የልጃቸውን ምግብ ይዘው ገቡ። "ብሉ" አሉን።

እኔንም በኋላ ለቀቁኝ። ዛሬም ወረቀት ለማሳደስ እሰለፋለሁ፤ ዛሬም ይደክመኛል። ሚስቴ ያንን ሸሚዝ ልጣለው ትላለች። ለሰልፍ የምለብሰው እሱን ነው። ሱሪዬ ውስጥ ስከተው መቀደዱ አይታይም።