ሁለተኛውን ጥያቄ የጠበቀ ሰው

ድምፁ የጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው። ይታየው በኢየሩሳሌም፣ በኢትዮጵያ ጎዳና ካለው አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ መጥረጊያና የቀለም ባልዲ በሚያስቀምጥባት ጠባብ ክፍል ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሃርድ ዲስኩን ሲሰካው፣ ከጥቁሩ ሣጥን ውስጥ ጠቅ… ጠቅ… የሚል ነገር መጣ። ጣውላ በጥፍር እንደመቆርቆር ያለ፣ ችኮላ የሌለው ድምፅ። በውስጡ ያለው ሁሉ አልከፈት አለ። ነቅሎ መልሶ ሰካው። ያው ነው።

ይታየው የዚያ ሕንፃ አብ ባይት ነው፤ እዚህ አገር የሕንፃ ጠባቂና ጠጋኝን እንዲህ ይሉታል። የፈነዳ ቧንቧ ይቀጥላል፣ ደረጃ ያጥባል፣ የተቃጠለ አምፖል ይለውጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሚኖርበት ሠፈር ከቃታሞኒም አውቶቡስ ይዞ ይመጣል፤ ከፊት ለፊት ካለው የቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚወጡትን መነኮሳት በአገር ቋንቋ እጅ ነስቶ ሥራውን ይጀምራል። ስለ እሱ ብዙ የሚያውቅ ሰው የለም። ስለ ዲስኩ ግን አሥራ ስድስት ቤተሰብ ያውቃል።

በዲስኩ ውስጥ የአባቱ ድምፅ ነበር። አባቱ ወደ ሱዳን በእግር ከወጡት የጎንደር ቤተ እስራኤል አንዱ ናቸው። መንደርተኛው በውኃ ጥምና በወባ እየወደቀ ሲያልቅ አይተው፣ ከስደተኞች ሠፈር ተስፋ ቆርጠው በመጡበት መንገድ ተመለሱ፤ ሲመለሱም የቀበሯቸውን አንድ በአንድ ዳግም አለፏቸው። ከዓመታት በኋላ በአውሮፕላን ኢየሩሳሌም ሲገቡ፣ ልጃቸው ካሴት መቅጃ አስጠግቶላቸው የሠላሳ ሰባት ሰው ስምና የእያንዳንዱን ማረፊያ ተናገሩ። ይኼኛው ከግራር ሥር፣ ያችኛዋ ከጅረት ማዶ፣ ሌላው ሦስት ድንጋይ ከተደረደረበት። ተናግረው በዓመቱ ሞቱ።

በየዓመቱ የቤተ እስራኤል በዓል የሆነው የስግድ ጸሎት ሲያበቃ፣ ከመንደሩ የተረፉት በአርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ላይ፣ ከጥዶቹ ሥር ክብ ሠርተው ይህን ድምፅ ይሰማሉ። ካሴቶቹ በእርጥበት ሲሻግቱ፣ ይታየው አስቀድሞ ወደ ዲስክ ገልብጧቸው ስለነበር ሁሉም መረቁት። አንድ ነገር ግን አስማሉት፤ የሙታኑ ስም በየስልኩ ተበትኖ የማንም መጫወቻ እንዳይሆን፣ በአንድ ቦታ፣ በእሱ እጅ ብቻ ይቀመጥ። መሐላውን ጠበቀ። ሰው አንድን ነገር ለሣጥን አደራ ከሰጠ በኋላ ከገዛ ልቡ ላይ ይፍቀዋል፤ አሠራራችን እንደዚያ ነው። ይታየውም ስሞቹን በቃሌ አጠናቸዋለሁ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲል ዘመን አለፈ። ስግድ ሊደርስ አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶታል።

ልጁ ሃጊት በደቡብ በኩል ወታደር ናት። ደወለላት። አርብ ለሰንበት ካልሆነ መምጣት እንደማትችል፣ ነገር ግን የኮምፒውተር ባለሙያዎች በነፃ የሚመልሱበት መድረክ በኢንተርኔት እንዳለ ነገረችው፤ አድራሻውንም ላከችለት። ደንቡን መጀመሪያ እንዲያነብ፣ ሰዎቹ ቶሎ እንደሚቆጡ አስጠነቀቀችው።

ደንቡ ከላይ ተሰቅሏል። ከመጠየቅህ በፊት ፈልግ። ምን መሣሪያ እንደሆነ፣ ምን እንዳየህ፣ ምን እንደሞከርህ ጻፍ። ሰላምታ አታብዛ። አስቸኳይ ነው አትበል፤ ለሁሉም አስቸኳይ ነው። ይታየው ሁለት ጊዜ አነበበው። ሰላምታ የማይፈለግበት ቤት አይቶ አያውቅም። ባደገበት አገር፣ የቸገረው ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ የቤቱን ሰው፣ የልጆቹን፣ የከብቱን ደህንነት ይጠይቃል፤ ችግሩ የሚወጣው መጨረሻ ላይ፣ ያውም ባለቤቱ «ምነው፣ በደህና ነው?» ብሎ ሲያወጣጣው ነው። ደንቡ ለባለጌዎች የተጻፈ መሰለው።

በዕብራይስጥ አሥራ አንድ መስመር ጻፈ። ሰላምታ አቀረበ፣ እውቀታቸውን አመሰገነ፣ ስለ አላዋቂነቱ ይቅርታ ለመነ፣ ልጆቻቸውን መረቀ። በመጨረሻው መስመር ላይ፣ ጊዜ ካላቸው፣ አንዲት ትንሽ የዲስክ ጉዳይ እንዳጋጠመችው ጠቆመ።

አንዱ ይህ ጥያቄ ነው ወይስ የሠርግ ጥሪ ሲል መለሰ። ሌላው ያንኑ ደንብ ሦስት ጊዜ ለጠፈለት። ሦስተኛው ከሰው ጋር ነው ወይስ ከማሽን ጋር የምናወራው አለ። በሠርጉ ቀልድ ይታየው ራሱም ፈገግ ብሎ ነበር፤ ወዲያው ግን ጆሮው ጋለ።

ከዚያ ዮአቭ የሚባል፣ በስሙ አጠገብ የነባር አባል ምልክት ያለው ሰው ገባ። ሌሎቹን ተዉት አላቸውና በጨዋ ቃል፣ ዲስኩ አሁን እንዴት እንደሆነ፣ የጠፋ ነገር እንዳለ ጠየቀው።

የይታየው ልብ ተነሣ። ሰው ተገኘ ማለት ነው። እናም እንደ እሱ ያደገ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ሁሉም ነገር ቤሴደር ነው፣ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ እንዴት ነህ ብሎ ጻፈ። በመጀመሪያው ጥያቄ ገመናውን የሚዘረግፍ ማን አለ? የመጀመሪያው በር ነው። ጠያቂው ከልቡ ከሆነ ይደግማል፤ ሲደግም ይነገረዋል። ይታየው ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በጽሑፉ ላይ «ተፈትቷል» የሚል አረንጓዴ ምልክትና አንዲት ትንሽ ቁልፍ ታየች። ጥያቄው ተዘግቶ ነበር። እሱ ግን ጉዳዩ ተመዝግቦ የተያዘለት መሰለው። ዮአቭ ሥራ የሚበዛበት ሰው ይሆናል። ተመልሶ ሲጠይቅ ዝግጁ ሆኖ እንዲያገኘው ዲስኩን እንደበራ ተወው፤ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው እሳቱን አያዳፍንም። ማታ ክፍሉን ቆልፎ ወደ ቃታሞኒም ሲሄድ፣ ማንም በሌለበት፣ ጠቅ… ጠቅ… ሲል ቀረ።

ረቡዕ ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው አሮጊት ዚቫ ደረጃው ላይ አስቆመችው። ክፍሉ ውስጥ ሰዓት ሰቅሎ እንደሆነ ጠየቀች። አልሰቀልኩም አላት።

«ከሰዓት በኋላ ጋደም ስል ከሥሬ ይሰማኛል» አለች። «ሰዓት ከሆነ እየዘገየ ነው።»

ሐሙስ በሁለት ድምፆች መካከል ሰው ትንፋሹን ሊይዝ የሚችልበት ጊዜ ያልፍ ጀመር። አርብ ጠዋት ክፍሉን ሲከፍት ጸጥ ብሏል። ይታየው እጁን ሣጥኑ ላይ አሳረፈ፤ እንደ ታማሚ ግንባር ይግላል። ተመስገን አለ። የደከመው ያረፈ መሰለው።

ቀትር ላይ ሃጊት መጣች፤ ከማሃኔ ይሁዳ ገበያ የገዛችውን የሰንበት ዳቦና ጠመንጃዋን እንደያዘች። ማያ ገጹን ቆማ አነበበች። ቦርሳዋን አላወረደችም።

«አባ፣ ለምን ደህና ነው አልከው?»

«ጠየቀኛ።»

«ሊያውቅ እኮ ነው የጠየቀህ።»

«ደግሞ ይጠይቃል ብዬ ነው።»

«ደግሞ አይጠይቁም። እዚህ አንዴ ነው።»

አዲስ ጥያቄ ጻፈች። ሦስት መስመር፤ ሰላም እንኳ የለውም። የዲስኩን ዓይነት፣ ድምፁን፣ የጠፋውን ብቻ። ይታየው በሰው አጥር ላይ እንደምትጮህ ልጅ አፈረላት። በአራት ደቂቃ ውስጥ ዮአቭ መለሰ። ሃጊት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ሽቦውን ነቀለች።

«አጥፉት ነው የሚለው። ጠቅ ሲል ውስጡን እየፋቀ ነው፣ አንድ ደቂቃም ቢሆን። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው ይላል። ከመቼ ጀምሮ ነው የበራው ይላል።»

ይታየው በጣቶቹ ቆጠረ። ሰኞ አላት። እሷ ለመጻፍ አመነታች፤ ጻፊው አላት። ጻፈች። ዮአቭ እየጻፈ እንደሆነ የሚያሳዩት ነጥቦች ብቅ አሉ፣ ጠፉ፣ እንደገና ብቅ አሉ። በመጨረሻ አንድ መስመር መጣ፤ ድምፁ አሁንም ይሰማል ወይ?

ያ ሁለተኛው ጥያቄ ነበር።

«ጸጥ ብሏል በይው» አለ ይታየው። «ዛሬ ደህና ሆኗል።»

ሃጊት እጇን ከመጻፊያው ላይ አነሣች።

ዲስክ ከፍተው የሚያድኑ ባለሙያዎች ዘንድ በሳምንቱ ወሰዱት። መልካም ሰው ነበር የተቀበላቸው። ክዳኑን አንሥቶ አሳያቸው፤ መስታወት መምሰል የነበረበት ክብ ነገር ተፍቆ፣ ዙሪያው ጥላሸት የመሰለ አቧራ ሆኗል። የአባቱ ድምፅ ያ አቧራ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው፤ ነገር ግን በደህናነት መሸሸግን ያስተማሩትም እነዚያው አበው ናቸው። በዚህ ላይ ማን ይወቀሳል? እኔ እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም።

የስግድ ቀን ኮረብታው ላይ ነፋስ ነበር። ጸሎቱ አበቃ፣ የቄሶቹ ጥላዎች ታጠፉ። ከጥዶቹ ሥር አሥራ ስድስቱ ቤተሰብ መሰብሰብ ጀመሩ። ቀድመው የደረሱት፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አያ አጥናፉ ናቸው። ተጣጣፊ ወንበራቸውን ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ዘረጉ። እሳቸው የሚመጡት ለአንድ ስም ነው፤ በስድስት ዓመቷ መንገድ ላይ ለቀረችው ለልጃቸው ለእናና። ስሟ አይጠፋቸውም። የት እንዳለች ግን ስለሚምታታባቸው በየዓመቱ መስማት ይፈልጋሉ።

«በደህና ከረምክ ይታየው?» አሉ።

«ደህና አይደለሁም አያ።»

ሽማግሌው መልሱን ሳይጠብቁ ወደ ቀጣዩ ሰላምታ አልፈው ነበር። «ልጅቱስ፣ ሃጊትስ ደህና…» አሉና አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። እንዲህ ያለ መልስ በዕድሜያቸው አልሰሙም።

ይታየው ነገራቸው። ከሰኞ እስከ አርብ ያለውን፣ አቧራውን፣ አንዱንም ሳያስቀር። ከኋላቸው ሰዎቹ ወንበራቸውን እያቀረቡ ነበር። አያ አጥናፉ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ጆሯቸውን ከድምፅ ማጉያው ሳያርቁ፣ ቀስ ብለው ጠየቁ።

«እናና ከጅረቱ ወዲህ ናት፣ ወይስ ማዶ?»

ይታየው ጅረቱን ያስታውሳል። ግራሩንም፣ ሦስቱንም ድንጋይ ያስታውሳል። የትኛው የማን እንደሆነ አያውቅም። ሽማግሌው ጠበቁት፤ ሌሎቹም ጠበቁት።