የማይፈታው ጾም

መሐል ሜዳ ከተማ ያለው ሐኪም አባቴን ቅቤም ሥጋም ከከለከላቸው ወዲህ፣ ከጓሮ የቀጠፍኩትን ጎመን በድንችና በነጭ ሽንኩርት፣ ጠብታ ዘይት ሳላስነካ አበስልላቸው ጀመር። ሰውነታቸው ሲቀንስ ሐኪሙ ደስ አለው። ጎረቤት ግን «አባቷን በረሃብ ልትጨርሳቸው ነው» እያለ አንጀቴን አሳረረው።

ፍልሰታ የተፈታ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ በግ ሲያርድ እኔ ያንኑ ጎመን አቀረብኩ። ጎረቤታችን ለአባቴ ብላ ቅቤ ይዛ ብትመጣ ከደጅ መለስኳት። የጥብሱን ሽታስ ማን ይመልሰዋል?

አባቴ ቄስ ናቸው፤ ጾም መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚፈታ ለሰፈሩ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። ማዕዱን ባርከው ሳህኑን አዩና፣ «ልጄ፣ ይኼኛው ጾም መቼ ነው የሚፈታው?» አሉኝ።

ሐኪሙ «ዕድሜ ልክ» ሲል ሁለታችንም ሰምተናል።