በሰርዶው ላይ የቀረ ዱካ

ተያት! ያቺን አሮጌ ታኬታ እንዳትጥያት። ጭቃዋንም አታራግፊ፤ የድሮው ሜዳችን አፈር ነው። እሷን ባየሁ ቁጥር የተረገጠ እርጥብ ሣር ይሸተኛል። ቁጭ በይ ልጄ፣ ልንገርሽ።

እዚሁ ጂንካ፣ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። የትምህርት ቤታችን ሜዳ በጋ አቧራ፣ ክረምት ማጥ ነው። የስፖርት መምህራችን ከጎጃም ተመድበው የመጡ ሰው ነበሩ፤ "ሣር የሌለው ምኑን ሜዳ ሆነ!" ብለው ሁለት መደብ አስቆፈሩን። በአንዱ ከአርባ ምንጭ ያስመጡትን ቅጠለ ሰፊ ሣር፣ በሌላው እኛ ከነሪ ወንዝ ዳር የነቀልነውን ሰርዶ ተከሉ። የሰው እግር የሚችለው፣ ተረግጦም ቶሎ የሚያገግመው የትኛው እንደሆነ ሊያዩ ነው።

ረጋጯ እኔ ነበርኩ። "ወንዶቹን ባዛቸው ኳስ ይጀምሩልኛል፤ አንቺ ግን ቆጥረሽ ትረግጫለሽ" ብለው የራሳቸውን ታኬታ ሰጡኝ። ከሥሯ ስድስት ጥርስ ያላት ታኬታ በትምህርት ቤቱ እሷ ብቻ ነበረች። ጫፏ ላይ ካልሲ ጠቅጥቄ በየቀኑ ሁለት መቶ ጊዜ እመላለሳለሁ። ሴት ልጅ በታኬታ! የሰፈሩ ሰው ሳቀብኝ። እሳቸው ግን አንድ ቀን አካሄዴን አይተው "ይኼ እግር ለኳስ የተፈጠረ ነው" አሉኝ። እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እንደ አባት ወደድኳቸው።

ከወር በኋላ መርገጡ ቆመ፤ መደቦቹ እንዲያገግሙ በእሾህ ታጠሩ። የአርባ ምንጩ ሣር ደርቆ ቀረ። ሰርዶው ግን አንድ ዝናብ ሲያገኝ ብቅ ብቅ አለ። መምህሬ ፈነደቁ።

"የጎጃም ዝውውሬ ከደረሰ ቆየ" አሉኝ። "የሣሩን ሙከራ ሪፖርት ሳታስገባ ክሊራንስ የለም ተብዬ ነው። ይኼ መደቡን ከሸፈነ ለፋሲካ እናቴ ዘንድ ነኝ።"

ሊሄዱብኝ ነው! አህያ "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" አለች ይባል የለ? እኔም ያቺው አህያ ሆንኩ። በማግስቱ፣ ሰው ለምሳ ሲበተን፣ እሾሁን ገለጥ አድርጌ ገባሁና በታኬታዋ ለጋውን ሰርዶ ረገጥኩት። ዞሬ ረገጥኩት። እያለቀስኩ ረገጥኩት።

ከሰዓት መምህሬ ደርሰው ዘበኛውን ተቆጡ። "ከብት አስገቡብኝ እኮ!"

ዘበኛው የአሪ ሽማግሌ ናቸው። ጎንበስ ብለው መሬቱን በጣታቸው ነካኩት። "ላም እንዲህ እግር የለውም፣ ቲቸር። ይኼ ስድስት ስድስት ቀዳዳ ነው።"

መምህሬ ቀዳዳዎቹን ረጅም ጊዜ አዩ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ፤ ቀና ብለው ግን አላዩኝም። "በሉ አጥሩን እናጥብቀው" ብቻ አሉ።

ሰርዶው ዳግመኛ እስኪነሳ ፋሲካ አለፈ። የእናታቸው መርዶ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ታመው ኖሯል፤ እኔ ምኑን አውቄ! ለቅሶ ልደርስ ሄጄ በር ላይ ቆሜ ተመለስኩ።

የሄዱ ቀን መናኸሪያ ሸኘናቸው። ከነጭቃዋ የመለስኩላቸውን ታኬታ ከፌስታል አውጥተው በእጄ አስያዙኝ። "ይቅር በሉኝ" ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"ሰርዶ እኮ ነው፤ ተነሳ" አሉኝ። "ይቺን ያዣት፣ ተጫወቺባት። ዱካዋን የትም ባየው አውቀዋለሁ።"

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላጠለቅኳትም።