ዘፈኑን መሃል ላይ ያስቆሙት ድራመር

ጋሽ መስፍንን ለምታውቁ ሁሉ፤ ባለፈው ሐሙስ ብሩክሄቨን በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ልባቸው ነው ተብሏል። ይህን የምጽፍላችሁ በየኮንሰርታቸው በር ላይ የባንዱን ቲሸርት ስሸጥ የምታውቁኝ ነጋዴ ነኝ።

ከሱዳን ስደት ወደዚህ አገር መጥተው ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ ሲሠሩ፣ እዚያው ምድር ቤት የሚለማመድ፣ ፐንክ የሚባለውን ፈጣንና ጩኸታም ሮክ የሚጫወት ባንድ ድራመሩ ጥሎት ጠፋ። እርሳቸው በደርግ ጊዜ በክፍለ ሀገር ኪነት ቡድን ድራም መትተዋልና ቦታውን ያዙ። «ልዩነቱ ትንሽ ነው» ይሉ ነበር፤ «እዚያ ሕዝቡ ተገዶ ያጨበጭባል፣ እዚህ ወዶ ይጋጫል።»

የባንዱን እርጅና እንደ እኔ ያየ የለም። ድሮ ቶሎ የሚያልቅብኝ ትንሹ ቲሸርት ነበር፤ ኋላ ትልቁን ማግኘት አቃተኝ። ኮንሰርቱ በጊዜ መጀመር ያዘ፣ ታዳሚው በማግሥቱ ሥራ ገቢ ነዋ። ዘፋኙ ሬይ በየዘፈኑ መሃል ስለ ወገቡ ያወራል፤ ትንፋሽ እየሰበሰበ መሆኑ ለማንም አይጠፋም። ከቲሸርት ይልቅ የጆሮ መድፈኛ ይሸጥልኝ ጀመር።

ያልተለወጠው ታዳሚው እየዘለለ የሚጋጭበት መድረኩ ሥር ያለው ግፊያ ነው። ልማዱ፣ የወደቀን አጠገቡ ያለው ወዲያው ያነሣዋል። ግን የሚያነሡትም ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ይህን ከመድረኩ ከፍታ ሆነው የሚያዩት ጋሽ መስፍን ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን ሰው ወድቆ ቢያዩ ዘፈን አቋረጡ። ሬይ ከኮንሰርቱ በኋላ ጠረጴዛዬ አጠገብ ያዛቸው።

«ፐንክ አይቆምም፣ መስፍን። ዳግመኛ ካቆምክ ሌላ ድራመር አለኝ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ።

መኪና ውስጥ «ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?» ብላቸው፣ «አንተ ቲሸርትህን ሽጥ» አሉኝ። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ያላቸው ያ ባንድ ነበር።

በቀጣዩ ኮንሰርት አዳራሹ ጢም አለ። ሁሉም የሚጠብቀው ዘፈን ሲጀመር ፀጉሯ የሸበተ ሴት ከፊት ወደቀች፤ ሊያነሷት ያጎነበሱትንም ከኋላ የመጣው ግፊት ደፋቸው። ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ጮኽኩ። ማን ይስማኝ? ጆሯቸውን የደፈንኩት እኔው ነኝ።

ጋሽ መስፍን አይተዋታል። እየመቱ የሬይን ጀርባ አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ እንደገና ጀርባውን አዩ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። ጊታሩ ብቻውን ትንሽ ተንገዳግዶ ዝም አለ።

«ምታ!» አለ ሬይ ዞሮ።

«ሰው ወድቋል።»

«ምታ አልኩህ!»

«ሽማግሌው! ደከመህ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሌላው አፏጨ። ጋሽ መስፍን መምቻቸውን አስቀምጠው ከመድረኩ ወረዱ። ሴትዮዋን ብብቷን ይዘው ሲያነሷት ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ደረቷ ከፍ ዝቅ እስኪል ድረስ አልለቀቋትም። ሬይ ማይኩን እንደያዘ ቀረ።

ቃሉን ግን አላጠፈም፤ ሌላ ድራመር አመጣ። ዘፈኖቹን ያስጠኑት ራሳቸው ጋሽ መስፍን ናቸው። ተናድጄ «ምነው ጋሼ?» ብላቸው፣ «ጎበዝ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይመታል እንጂ። ይህን ልማዱን ላስተወው ነው» አሉኝ።

ጋሼ፣ ሬይ ቀብርዎ ላይ መጥቶ ነበር። ከኋላ ብቻውን ቆመ። እርስዎ ቢኖሩ ምን እንደሚያደርጉ ስለማውቅ ወንበር ሳብኩለት። በእኔ ቢሆን ቆሞ ይውል ነበር። በሰላም ይረፉ።