አባዬ ሴሎውን እስኪሰማው

ሶፋ በማልበስ ስለምትተዳደር ሰፈርተኛው "ስፖንጅ" ይላታል። ቅጽል ስሙ ለስላሳ ነው፤ ሴትየዋ ግን አንዴ ካለች አለች፤ ወይ ፍንክች!

ወንድሟ ሴሎ ይጫወታል፤ ያንን በጉልበት መሀል ተይዞ የሚገዘገዘውን የቫዮሊን ታላቅ ወንድም። ከጓደኞቹ ጋር ባሮክ የሚባለውን የጥንት ሙዚቃ በሸክላ አስቀርጾ፣ ደስ ብሎት ለአባቱ ይዞ መጣ። ሽማግሌው እኩያቸው በሆነ ማጫወቻ አስከፈቱት። የተሰማው ሃርፕሲኮርድ የተባለው የፒያኖ ቅድመ አያት ብቻ ነበር፤ ያውም ማንኪያ የሞላ መሳቢያ በደረጃ ሲንከባለል ይመስል።

"አንተ የታለህ?" አሉ አባት።

"ከስር ነኝ፣ አባዬ።"

"ከምኑ ስር? የሸክላው ሽፋን ፎቶ ላይ መጋዝህን ይዘህ ተቀምጠሃል፤ ድምፅህ ግን የለም። እንጨት በሌለበት የሚገዘግዝ ልጅ ወለድኩ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወንድምየው ኮቱን አንስቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የአባቱን ደጃፍ አልረገጠም።

"አባዬ ወንድሜን ሳይሰማው አልቀመጥም" አለች ስፖንጅ፤ "ሶፋ ሰሪ ብሆንም!"

መጀመሪያ የማጫወቻውን መርፌ ቀየረች። ቫዮሊኖቹ ከተደበቁበት ወጥተው እንደ ተኳረፉ ምራቶች ይመላለሱ ጀመር፤ ሴሎው ግን የለም። አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ ስፒከር ጨመረች። አሁን ሴሎው መጣ፤ ግን በርሜል ውስጥ የወደቀ ሰው "አውጡኝ!" የሚል ነበር የሚመስለው። በዚያ ላይ በየመሀሉ "ስፍፍ!" የሚል ነገር ተጨመረበት።

አቧራ ነው ብላ ሸክላውን ወለወለች። አልጠፋም። አምፕሊፋየሩን ተሸክማ ሬዲዮ ጠጋኙ ዘንድ ሄደች።

"እህቴ፣ እቃው ከእኔም ከአንቺም ጤነኛ ነው" አላት። "ይልቅ ክፍሉን እዪው። ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ድምፁን እንደ ኳስ ይመልሰዋል።"

"ያ ስፍፍ የሚለውስ?"

"እሱ ሸክላው ላይ ያለ ነው። ጥሩ እቃ ሐሜተኛ ነው፤ የሰማውን ሁሉ ያወጣል።"

ግድግዳ ማልበስማ ለእሷ ምኗ ነው? ስፖንጁን በጨርቅ ለብጣ ሰቀለች፤ ስፒከሮቹን ከጥግ ሳበች። አባት "ቤቴን ሶፋ አደረገችው!" እያሉ መንደሩን ዞረው አሟት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሷ ሥራዋ ላይ ነበረች።

ሲያልቅ አባቷን አስቀምጣ ሸክላውን ከፈተች። ሴሎው ከስር ከስር፣ ሰው በእንጨት ወለል ላይ ረጋ ብሎ እንደሚራመድ፣ ሌላውን ሁሉ ተሸክሞ መጣ። ሽማግሌው ፊታቸው አልተፈታም። ወዲያው "ስፍፍ!" ሲል ግን ብድግ አሉ።

"ቆይ ቆይ! መልሺው!"

መለሰችው። ስፍፍ!

"የኔ ልጅ ነው! በልጅነቱ ሲበላም ሲጽፍም እንዲሁ አፍንጫውን ይምግ ነበር! እናቱ መሀረብ ይዛ ስትከተለው ነው ያረጀችው!" ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጠፉ። "ታዲያ ስፍፍ ካለ በኋላ የሚመጣው ወፍራሙ ድምፅ..."

"እሱ ነው፣ አባዬ።"

"ይሄ ሁሉ ሰው የሚጨፍረው እኮ እሱ ትከሻ ላይ ነው!"

ስልክ አስደወሉ።

"አንተ መጋዝ" አሉ። "ሰማሁህ። ና ወደ ቤትህ። ግን መጀመሪያ ተናፈጥ!"