አንድ ተከራይ የበዛበት ሕንጻ

መጋረጃ ሰፊዋ መሰላል ላይ ቆማ የመጨረሻዎቹን ቀለበቶች ዘንጉ ላይ ስታስገባ ስልኳ ጠራ። ስፒሉን ከከንፈሯ አውጥታ «አቤት» አለች።

«ከባንክ ነው። ብድሩ አልተፈቀደም።»

እዚያው መሰላሉ ላይ ተቀመጠች። መርፌዋ ላይ ክር የምታስገባላት ልጇ ከሆነች ዓመት አልፏል። ሐሳቧ ዓይኗ ጨርሶ ሳይከዳት አንድ ኮንዶሚኒየም ገዝታ በኪራዩ እየተጦረች ማርጀት ነበር። ቀብድ ከፍላለች። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ቀሪውን ካላመጣች ቀብዱም ቤቱም ይቀራል።

ከሰዓት ባንክ ሄደች። የብድር ሠራተኛው ወንበር ሳበላት።

«እናቴ፣ እርስዎ ላይ እንከን የለም። ችግሩ ሕንጻው ነው። ከሠላሳ ስድስቱ ቤት አሥራ ዘጠኙ የኪራይ ነው፤ የሚገዙት ጭምር። ከግማሽ በላዩ ኪራይ ከሆነ አናበድርም።»

«በአንድ ቤት?»

«በአንድ ቤት።»

«እንዲህ ያለ ደንብ የሌለው አበዳሪ የለም?»

«አለ። ወለዱ እጥፍ ነው።» አሰላላት። ኪራዩ ወለዱን እንኳ አይችልም።

ሕንጻውን እንደ መዳፏ ታውቀዋለች። ተከራይ በተቀያየረ ቁጥር መጋረጃ ይቀየራል። ስለዚህ ለዓመታት ባለቤቶቹን አከራዩ እያለች ስትወተውት፣ ተከራዩንም ራሷ እያፈላለገች ስታስገባ ኖራለች። ከአሥራ ዘጠኙ የኪራይ ቤት አምስቱ ላይ የእሷ እጅ አለበት።

ከአምስቱ ባለቤቶች አንዷ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ቤቷን አከራይታ የምትኖረው እህቷ ጋ ነው። እዚያው ሄዳ የባንኩን ነገር ነገረቻት።

«እትዬ፣ ለስድስት ወር ብቻ ቤትዎ ይመለሱ።»

«ተከራዩን ምን ልበለው?»

«መጋረጃ በነጻ እሰፋልዎታለሁ።»

አስተማሪዋ ሳቀች። «‹ያከራዩት፣ በእርጅናዎ ይጦርዎታል› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ይኸው እየጦረኝ ነው። ምክርሽን ሰማሁ እንጂ ምን አጠፋሁ?»

ወጥታ ለሌሎቹ ደወለች። ከቀሩት አራቱ ሁለቱ ስልክ አላነሱም። አንዱ የሁለት ዓመት ውል አለብኝ አለ። አራተኛው አገር ውስጥ የለም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከጠዋት ጀምሮ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ልጇ ከሥራ ስትመለስ እናቷ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብላ አየች።

«እማዬ፣ ክሩ እኮ ከመርፌው ወጥቷል።»

መጋረጃ ሰፊዋ ጨርቁን ገልበጥ አድርጋ ዳሰሰችው። ጠርዙ ላይ ከዳር እስከ ዳር የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ነበር።

ቤቱን ሌላ ሰው በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ አከራየው። መጋረጃውን የሰፋችው እሷ ናት።